የበትለሩ ጉርሻ ከቲኬቱ ጋር ይታሰብ

በቅንጦት የመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ የተዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ለክፍላቸው ለተመደበው በትለር፣ ማለትም ለግል አስተናጋጃቸው፣ ምን ያህል ጉርሻ መስጠት እንደሚገባቸው ነው። መልሱ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ በቀን አምስት ዶላር ይበቃል ይላል። ሌላው ለሳምንት ከሁለት መቶ ዶላር በታች መስጠት ነውር ነው ይላል። ሦስተኛው የክፍሉን ዋጋ በመቶኛ አስልቶ የሚያስደነግጥ ቁጥር ያወጣል። «ሁሉም በቲኬቱ ተከፍሏል፣ አንዲት ሳንቲም አትስጡ» ብሎ ነገሩን የሚዘጋም አይጠፋም። እኔ እንደማምነው እነዚህ መካሪዎች ሁሉ የጀመሩት ከመጨረሻው ነው። «ስንት?» ከማለት በፊት ይህን ሰው የሚከፍለው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ኩባንያው ነው ወይስ እንግዳው? ይህ ሳይጣራ የሚጠራ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው።

ምክንያቱም አሠራሩ ከመርከብ መርከብ እጅግ ይለያያል። ሲልቨርሲ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ስዊት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰፊና ውድ ክፍል፣ በትለር ይመድባል፤ ጉርሻውም በጉዞው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። ሪጀንት ሰቨን ሲስም እንዲሁ ጉርሻን ከዋጋው ጋር ያጠቃልላል፤ በትለር የሚያገኙት ግን ከፍ ባለ ደረጃ ስዊት የያዙት ብቻ ናቸው። በሮያል ካሪቢያን መርከቦች ስታር ክላስ የሚባሉትን ስዊቶች ለያዙ ሰዎች ጂኒ የሚል መጠሪያ ያለው የግል አስተናጋጅ ይመደባል፤ እዚያም ጉርሻው አስቀድሞ ተከፍሏል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው መርከቡ በየቀኑ ከእያንዳንዱ እንግዳ የአገልግሎት ክፍያ ሲቆርጥ ነው። የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው ሄቨን በሚባለው፣ ለስዊት እንግዶች ብቻ በተለየው የመርከቡ ክልልና በሌሎች ስዊቶች ከሚያርፍ ከእያንዳንዱ ሰው በቀን 25 ዶላር ያስከፍል ነበር። ለባልና ሚስት የሰባት ቀን ጉዞ ይህ 350 ዶላር ይሆናል። 350 ዶላር የከፈለ ሰው በየማለዳው ቡና የሚያመጣለት በትለር ከዚህ ገንዘብ ድርሻ እንዳለው ቢያምን ማን ይፈርድበታል? ይሁን እንጂ ኩባንያው ራሱ ለመንገደኞቹ በሚሰጠው ማብራሪያ በትለሩና ኮንሲየርዡ (ቦታ ማስያዝና የመሳሰሉትን የእንግዳ ጉዳዮች የሚያስፈጽመው ሠራተኛ) ከዚህ የጋራ ክፍያ ተጠቃሚ እንዳልሆኑ፣ ለእነሱ እንግዳው በተናጠል ጉርሻ እንዲሰጥ እንደሚያበረታታ ይገልጻል። ስለዚህ እንግዳው ከፍያለሁ ብሎ በቅን ልቦና ይወርዳል፤ በትለሩም ሳምንቱን ሙሉ ካገለገለው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለቱም ምንም አላጠፉም። ያጠፋው ማብራሪያውን ማንም በማያነበው ጥግ ያስቀመጠው አካል ነው።

በትለር ምን እንደሚሠራ በቅርብ ያላየ ሰው ሥራው በነጭ ጓንት ትሪ ይዞ መቆም ብቻ ሊመስለው ይችላል። መንገደኞች የሚሳፈሩበትን ቀን ብቻ ብንመለከት ይበቃል። ጠዋት ያለፈው ጉዞ እንግዶች ሲወርዱ ይሸኛቸዋል፤ አንዱ የረሳውን የስልክ ቻርጀር ፍለጋ መሳቢያ ይከፍታል፣ ሌላው ሻንጣዬ ከወደቡ አልደረሰም ብሎ ሲጨነቅ ስልክ ይደውላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እነዚያው ክፍሎች በአዲስ ሰዎች ይሞላሉ። አሁን እያንዳንዱን በር አንኳኩቶ ስሙን ያስተዋውቃል፣ ሻንጣ ልፍታላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከተፈቀደለት ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ በመስቀያ ይሰቅላል፤ በጉዞ የተጨማደደውን የእራት ልብስ ለይቶ ለመተኮስ ይወስዳል፤ ጫማዎቹን ለማስወልወል ይሰበስባል። በዚያው ምሽት የአንዱን ክፍል የእራት ቦታ ያስይዛል፣ የሌላውን ትራስ ይቀይራል፣ የሦስተኛውን የለውዝ አለርጂ ለወጥ ቤቱ ያሳውቃል። አንድ በትለር ብዙ ስዊቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ስልኩ በየደቂቃው እየጮኸ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚቀርበው እራት ደግሞ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ምግቡ በአንድ ጊዜ ተደርድሮ አይቀመጥም። በትለሩ ጠረጴዛውን አልብሶ፣ መጀመሪያ ሾርባውን፣ ቀጥሎ ዓሣውን፣ ከዚያም ሥጋውን፣ በመጨረሻ ጣፋጩን እያፈራረቀ ያመጣል። በእያንዳንዱ ዙር ከማዕድ ቤቱ እስከ ስዊቱ ያለውን መንገድ ሳህኖቹን በክዳን ሸፍኖ ይመላለሳል። ባሕሩ ሲናወጥ ወለሉ ከእግሩ ስር ይዘነበላል፤ ሾርባው ግን እንዳይፈስ ያስፈልጋል። እንግዳው የሚያየው የመጨረሻዎቹን አምስት እርምጃዎች ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው በአብዛኛው ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ ወይም ከኢንዶኔዥያ የመጣ ነው። ለወራት በሚዘልቅ ውል ከቤተሰቡ ተለይቶ ይኖራል። መርከቡ የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የማልታ ባንዲራ ስለሚያውለበልብ የሥራ ውሉ የሚዳኘው እንግዳው በለመደው የአገር ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አገሮች ከሁለት መለኪያዎች አንዱን እንዲመርጡ ይፈቅዳል፤ በሰባት ቀን ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ወይም በሰባት ቀን ከ77 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት። ሁለተኛውን ስናሰላው በሳምንት እስከ 91 ሰዓት መሥራት በሕግ የተፈቀደ ነው ማለት ነው። በዓለም ሥራ ድርጅት ማዕቀፍ ለሠለጠነ መርከበኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ መነሻ ደመወዝ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወር 673 ዶላር ነበር። ይህ ቁጥር ስለ በትለሮች የተነገረ ባይሆንም፣ የባሕር ላይ ሥራ ደመወዝ መነሻው የት እንደሆነ ያሳያል።

ታዲያ ስንት? ጉርሻው በዋጋው ባልተካተተበትና በትለሩ ከጋራ ክፍያው ውጭ በሆነበት መርከብ፣ የእኔ መልስ ለአንድ ስዊት በቀን 20 ዶላር ነው። ለሳምንት 140 ዶላር ይሆናል። የምቆጥረው በስዊት እንጂ በሰው አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ቡና ለማዘዝ የሚጫኑት አንድ መጥሪያ ነው። ልጆች ያሉበት፣ በየዕለቱ በክፍሉ የሚመገብና ልብስ የሚያስተኩስ ቤተሰብ ግን ከዚህ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። በትለሩን እምብዛም ያልጠራ ሰውስ? በቀን ከ10 ዶላር በታች ባይወርድ ደስ ይለኛል፤ ሰውየው ባይጠራም ተመድቦለት ዝግጁ ሆኖ ቆይቷልና። ጉርሻው በዋጋው በተካተተበት መርከብ ደግሞ እንግዳው ምንም ዕዳ የለበትም፣ ሊሸማቀቅም አይገባውም። በትለሩ ከሥራ ድርሻው አልፎ የደከመበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በሌሊት የታመመ ሰው አጠገብ ከቆየ፣ 50 ወይም 100 ዶላር መስጠት ምስጋና ነው። ለሁሉም ሠራተኞች ማመስገን የሚፈልግም በአንዳንድ መርከቦች ለሠራተኞች ደኅንነት በተቋቋመው የጋራ ፈንድ በኩል ሊሰጥ ይችላል።

በመቶኛ ማስላትን አጥብቄ እቃወማለሁ። በምግብ ቤት ሒሳብ የለመዱት ሰዎች 15 በመቶውን ወደ መርከብም ይዘውት ይመጣሉ። የስዊቱን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው በረንዳው፣ የክፍሉ ስፋት፣ ወቅቱና መርከቡ የሚሄድበት ባሕር ነው። አንድ ሸሚዝ በአንታርክቲካ ጉዞ ላይም ሆነ በሜዲትራኒያን ሲተኮስ ድካሙ ያው ነው። መቶኛው ውድ ጉዞ የገዛውን ሰው ያለ ምክንያት ያስደነግጠዋል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀንሶ አይሰጥም፤ ጭራሹን ይተወዋል።

ሌላው የማልወደው ምክር ግማሹን ጉርሻ በመጀመሪያው ቀን ስጡ የሚለው ነው። ምክንያቱን በግልጽ ይናገሩታል፤ በትለሩ ከሌሎቹ አስቀድሞ እናንተን እንዲያይ ነው። ያ በትለር ግን የጎረቤታችሁም በትለር ነው። ከእናንተ በር ቀጥሎ ያሉት አዛውንት ጥንዶች ገንዘብ አስቀድመው አልሰጡም ተብሎ ሻያቸው እንዲዘገይ መክፈል ከምስጋና ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የዚህ ግልባጭም አለ። ዝናብ ስለጣለ የወደብ ጉብኝቱ ተሰርዟል፣ ወይም የጣሊያን ምግብ ቤቱ ቦታ አልቋል ብለው የበትለሩን ጉርሻ የሚቀንሱ እንግዶች አሉ። ቅሬታው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ መቅረብ ያለበት ግን ለእንግዳ መቀበያ ክፍሉ ነው። በትለሩ የአየር ሁኔታውንም የወንበሩንም ቁጥር አይወስንም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የሚከተለው ነው፤ «ደመወዝ መክፈል የአሠሪው ግዴታ ነው፤ እኛ በሰጠን ቁጥር ኩባንያው ከኃላፊነቱ ይሸሻል።» ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ግማሽም ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። በመርከብ ላይ ያለ የሥራ ድርሻ የግል አገልግሎት እየተባለ ሲሸጥ፣ ዋጋው በማስታወቂያው ላይ ከፍ ብሎ ሲጻፍ፣ ያንን አገልግሎት የሚሰጠው ሰው ገቢ ደግሞ በእንግዳው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ትክክል አይደለም። የማልስማማው በሚመረጠው የተቃውሞ መንገድ ነው። በመጨረሻው ቀን ኪሱን የዘጋ እንግዳ ኩባንያውን አይጎዳም። ኩባንያው የቲኬቱን ገንዘብ ከወራት በፊት ተቀብሏል። የሚጎዳው በሩ ላይ ቆሞ የሚሰናበተው ሰው ነው። በዚህ አሠራር የማይስማማ መንገደኛ ድምፁን የሚያሰማበት ጊዜ ቲኬት ሲገዛ ነው። ጉርሻን በዋጋው የሚያካትተውን መርከብ መምረጥ፣ ያ ካልተቻለ ደግሞ ለጉዞ ወኪሉ በጽሑፍ «የበትለሩ ክፍያ ተካቷል ወይስ አልተካተተም?» ብሎ መጠየቅና የጽሑፍ መልስ ማግኘት ይቻላል። መልሱ አልተካተተም ከሆነ 140 ዶላሩ በዚያው ቀን በጉዞው በጀት ውስጥ ይግባ። ከዚያ በኋላ የባርና የገበያ ወጪ አይበላውም።

አሰጣጡ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ገንዘቡ በጥሬው፣ በዶላር ወይም በዩሮ፣ ባልተቀደደ ኖት ቢሆን ይመረጣል፤ ከአገር አገር የሚዘዋወር ሠራተኛ የአንድ ወደብ ሳንቲሞችን የሚመነዝርበት ቦታ አያገኝም። የሚሰጠው ከመውረጃው ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው። በመጨረሻው ማለዳ እንግዳው ከሻንጣው፣ በትለሩ ከሚመጡት አዲስ ሰዎች ዝግጅት ጋር ስለሚሯሯጡ መተላለፍ ይመጣል። ከገንዘቡ ጋር ሁለት መስመር ማስታወሻ ቢጨመር ጥሩ ነው። ከዚያ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ከጉዞው በኋላ በሚላከው የአስተያየት ቅጽ ላይ የበትለሩን ስም ጠቅሶ ምን እንዳደረገ በዝርዝር መጻፍ ነው። አለቆቹ ያንን ያነባሉ፤ እድገትም ሆነ የሚቀጥለው ውል ሲታሰብ ይቆጠርለታል። አልጋውን የሚያነጥፈውንና መታጠቢያ ቤቱን የሚያጸዳውን የክፍል ሠራተኛም አደራ፤ በትለሩ ፊት ለፊት ስለሚታይ የእሱ ድካም በቀላሉ ይረሳል፣ ሥራው ግን ከበትለሩ ሥራ አይቀልም።

ከኩባንያዎቹ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስዊቱ በሚሸጥበት ገጽ ላይ፣ «የግል በትለር» ከሚለው ቃል አጠገብ፣ በዚያው መጠን በተጻፈ ፊደል፣ ጉርሻው በዋጋው መካተቱን ወይም አለመካተቱን ይግለጹ። አልተካተተም ከሆነ እንግዳው ቲኬቱን ሲከፍል አብሮ ሊከፍለው የሚችልበት፣ ገንዘቡም ሳይቆረስ ለዚያ ስዊት ለተመደበው በትለር የሚደርስበት አማራጭ ያስቀምጡ። የመጠጥ ጥቅልና ኢንተርኔት አስቀድመው ለመሸጥ የዘረጉት ሥርዓት ለዚህም ይበቃል።