ሩዝ ሥር የተቀበረ እንቁላል

አዲስ አበባ ሳለሁ ጾሜ እንደ ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አብዛኛውን ቀን ይጠፋል። ሁዳዴ ሲገባ የመጀመሪያውን ሳምንት እጾማለሁ፣ መካከሉን በጨጓራ አሳብቤ አልፈዋለሁ፣ ለሰሞነ ሕማማት ደግሞ የእማዬን ዓይን ፈርቼ እመለሳለሁ። ኮሪያ ለትምህርት በመጣሁ በወሩ ግን መነኮስኩ ማለት ይቻላል። ሰው አገሩ ላይ የደጀ ሰላም ደፍ ሳይረግጥ ኖሮ ባሕር ሲሻገር ነጠላ መፈለግ ይጀምራል። እኔም ረቡዕና ዓርብን በቁም ነገር የያዝኩት ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር ነው።

የምኖረው ቹንቾን ነው። ከተማዋ ለእኛ ባዳ አይደለችም። በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት የቃኘው ዘማቾቻችን የቆመውን ሐውልት ጃንሆይ በ1968 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ተገኝተው መርቀውታል፤ እዚያው አጠገቡ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ከዚያው ዓመት ጀምሮ ቡና ያፈላል። ይሁን እንጂ ቹንቾን በኮሪያውያን ዘንድ ስሟ የሚነሳው በእኛ ሳይሆን በዶሮ ነው። ታክካልቢ ይሉታል። ተቆራርጦ በጎቹጃንግ፣ በእነሱ የበርበሬ ድልህ፣ የታሸ ዶሮ ከጎመንና ከስኳር ድንች ጋር ሰፊ ብረት ምጣድ ላይ፣ እዚያው ጠረጴዛችሁ ላይ ይጠበሳል። የታክካልቢ ቤቶች በግራና በቀኝ የተደረደሩበት መንገድ አለ። በሁዳዴ ዓርብ ማታ በዚያ መንገድ ማለፍ የፋሲካ ዋዜማ የጎረቤት ቁሌት ሲሸት እንደ ማደር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በየቀኑ ዋዜማ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ያጠናሁት የኮሪያ ዓረፍተ ነገር «ኮጊ ፔ ጁሴዮ» ነበር። «ሥጋውን አውጡልኝ» ማለት ነው። ሰላምታ ከመቻሌ በፊት ይህን ቻልኩ፣ ቻልኩም ብዬ ተዝናናሁ። የተሳሳትኩት ሰዋስው ላይ ሳይሆን «ኮጊ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሥጋ ሰፊ ግዛት ያለው ነገር ነው፤ ቅቤ የነካው ጭልፋ እንኳ በግዛቱ ውስጥ ይቆጠራል። እዚህ ግን ሥጋ የሚባለው ከሰል ላይ ተዘርግቶ የሚንጨረጨረው ብቻ ነው። ኪምባብ፣ በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ፣ ያለ ሥጋ ብዬ አዝዤ ስገምጠው ሮዝ ቀለም ያለው ነገር ብቅ አለ። ሻጯን ባሳያት «እሱማ ካም ነው» አለችኝ፣ ሥጋ ነው ማለቴ አስገርሟት። የአኩሪ አተር ሊጥ ወጥ ነው ብዬ የምወደው ትዌንጃንግ ችጌ በምን እንደሚፈላ ስጠይቅ ደግሞ «በውሃ» ተባልኩ። ውሃው ውስጥ ምን ተቀቅሎ እንደወጣ ግን አልጠየቅኩም።

ምዮልቺ ነው የተቀቀለው። ምዮልቺ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ የደረቀች ዓሣ ናት። ለመረቅ ስትሆን ተቀቅላ ትወጣለች፣ አልፎ አልፎ ግን በአኩሪ አተር ስጎና በስኳር ተጠብሳ በትንሽ ሳህን ጎን ለጎን ትቀርባለች። አንድ ቀን በቾፕስቲክ አንስቼ አየኋት። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፣ ዓይኖቿ ሁለቱም አሉ፣ ቀጥታ ወደ እኔ ያያሉ። ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር በእኛ ቤት ከፖለቲካ የባሰ ነበር። አባዬ «ከሁዳዴ በቀር ችግር የለውም» ባይ ነው፤ አያቴ በበኩሏ «ዓይን ኖሮት የሚያይህን ነገር በጾም አትብላ» ብላ ክርክሩን ትዘጋው ነበር። ሳህኑን ቆጠርኩ፤ ወደ ሰላሳ ጥንድ ዓይን።

ከዚህ ሁሉ የጎዳኝ ግን ኪምቺው ነው። ጎመንና በርበሬ ነው ብዬ አንድ ዓመት ተኩል በሰላም በልቻለሁ። እንዲያውም ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሲያጠራጥረኝ የምሸሸው ወደ ኪምቺ ነበር። አንድ ቀን ሴኡል ያለ ያገሬ ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «በአብዛኛው ኪምቺ ውስጥ እኮ በጨው የተዘፈዘፈ ሽሪምፕና የዓሣ ስጎ ይገባል፤ አታውቅም?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አለማወቄ ለነፍሴም ለሆዴም ተስማምቷቸው ነበር። ይህን ሰው እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ፣ ሰላም እለዋለሁ፣ ግን ከልቤ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ የእሽግ ጀርባ አንባቢ ሆንኩ። ኮሪያ ውስጥ አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች በእሽጉ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንዲት አራት ማዕዘን ውስጥ ለብቻ ይቀመጣሉ። እኔም ቋንቋውን የቆጠርኩት ከዚያች ሳጥን ነው። ሌላው የውጭ ተማሪ «እወድሃለሁ» እና «ባቡር ጣቢያው የት ነው» ሲያጠና እኔ ወተት፣ እንቁላል፣ ላም፣ አሳማ፣ ሽሪምፕ እያልኩ ሸመደድኩ። ዝርዝሩ ውስጥ ከአሳማ እኩል ኮክና ቲማቲምም አሉ፤ ሰላጣችን ውስጥ ሲኖር የኖረው ቲማቲም ከማን ጋር እንደዋለ ሳይ ትንሽ ደነገጥኩ።

ወደ ኢሞ ልምጣ። «ኢሞ» የእናት እኅት ማለት ነው፣ አክስት። ምግብ ቤት ውስጥ የምታስተናግድን ትልቅ ሴት ሁሉም ሰው ኢሞ ይላታል፤ እኛ የማናውቃትን ሴት «እናቴ» እንደምንለው። ከግቢያችን በር ማዶ ያሉት ኢሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይመስሉኛል፤ አምስት ጠረጴዛ ያላት ቤት አለቻቸው፣ ቢቢምባብ ይሠራሉ። ሩዝ፣ ላዩ ላይ በየመልኩ የተደረደረ አትክልት፣ ጎቹጃንግ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እንደ ዘውድ የተቀመጠ የተጠበሰ እንቁላል። የመጀመሪያ ቀን ሥጋውን አስወጣሁ። ቀጥዬ እንቁላሉንም አስወጣሁ። ኢሞ እንቁላሉን በማንኪያ አንስተው እኔን አዩ፣ እንቁላሉን አዩ፣ ከዚያ ጫማዬን አዩ።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» ስል ማንኪያውን አስቀመጡ። «ኢዲዮፒያ! አያትህ እኮ ነው ያተረፈን!» አሉ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። አያቴ ከሞጣ አልፎ የሄደበት ሩቅ አገር ባሕር ዳር ነው። ግን ይህን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ኮሪያኛ፣ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ደግሞም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አጎንብሼ አመሰገንኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮሪያ ድረስ የዘመቱት ከ6,000 የሚበልጡ ወታደሮቻችን ሒሳብ በእኔ ሳህን ላይ መወራረድ ጀመረ።

ኢሞ እንዲህ ደመደሙ፦ ይህ ልጅ ሥጋ የማይበላው ገንዘብ ስለሌለው ነው፣ እንቁላል የሚመልሰው ስለሚያፍር ነው። በሚቀጥለው ረቡዕ ቢቢምባቡ መጣ፤ ላዩ አትክልት ብቻ፣ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም። ደስ አለኝ፣ በመጨረሻ ተግባባን አልኩ። ግማሽ ደርሼ ማንኪያዬን ወደ ታች ስሰድ አንድ ለስላሳ ነገር ነካኝ። ሩዙን ገለጥ አደረግኩ። እንቁላል። በደንብ የተጠበሰ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ፣ አስኳሉ ገና ያልጠነከረ፣ ሩዝ ሥር የተቀበረ እንቁላል። ቀና ስል ኢሞ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆነው በአንድ ዓይናቸው ይጠቅሱኛል። ጎን ያለው ደንበኛ እንዳያይብኝ ነው፤ ክብሬን ጠብቀውልኝ ነው።

የነፍስ አባቴን በስልክ ጠየቅኳቸው። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙኝና፣

«ሩዙ ሥር መኖሩን አውቀህ ነው የቆፈርከው?» አሉ።

«አይ፣ አባ፣ ሳላውቅ ነው።»

«የመጀመሪያውን ቀን ሳታውቅ። ሁለተኛውንስ?»

ዝም አልኩ። ሦስተኛውን ሳይጠይቁኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ፤ የቴሌ ውለታ ነው።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ ደግሞ ሰንቤ አለ። ሰንቤ በትምህርት የሚቀድምህ፣ በሁሉ ነገር ሊጠነቀቅልህ የሚገባው ሰው ነው፤ የእኔው ደግሞ ጥንቃቄውን በኤክሴል ነው የሚያደርገው። ለእራት መውጫ ቀን ከመቁረጡ በፊት «የማትበላባቸውን ቀኖች ላከኝ» አለኝ። ላክሁለት። ረቡዕና ዓርብ፣ ነነዌ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ገሃድ። በማግስቱ አጠገቤ መጥቶ በዝግታ ተቀመጠ፣ ሰው ሲሞትበት እንደሚያጽናኑት ዓይነት። «የዓመቱ ግማሽ ገደማ ነው» አለኝ። «ታውቃለህ?» አገር ቤት ማንም ደምሮ አሳይቶኝ ስለማያውቅ እኔም ክው አልኩ። በጾም ቀን የምበላው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው ያልኩትን ደግሞ 21:00 ብሎ መዝግቦት ኖሮ፣ አንድ ወር ሙሉ በየረቡዑ ማታ ከጠረጴዛዬ ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች አስቀምጦልኝ ሲሄድ ነገሩ አልገባኝም ነበር። የእኛ 9 የእነሱ 15፡00 መሆኑን ባስረዳው ኖሮ ስኳር ድንቹ ይቀርብኝ ነበርና ቆየት ብዬ ነው የነገርኩት።

ሰንጠረዡ በረከት ብቻ አልነበረም፤ ኦዲትም ነበረው። ሰንጠረዡ ከመሠራቱ በፊት፣ በጥቅምት አንድ ማክሰኞ፣ ለህዌሺክ፣ ማለትም ለላቦራቶሪው የጋራ እራት፣ ባሕር ምግብ ቤት ሄደን ሳንናክጂ ቀርቦ ነበር። ገና አሁን የተከተፈ ኦክቶፐስ ነው፣ ሳህኑ ላይ ይርመሰመሳል። አንዱ ቁራጭ የሳህኑን ጠርዝ ይዞ ሊወጣ ሲታገል አየሁና «ይቅርታ፣ ዛሬ ጾም ነው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ሰንቤ ሰንጠረዡን ከሠራ በኋላ ግን መጥቶ፣ ሊያጣራ እንጂ ሊያሳፍረኝ ሳይሆን፣ «ያን ማክሰኞ በየትኛው ጾም ልመድበው?» አለኝ። የፈቃድ ጾም የሚባል አለ አልኩት። አለም በእርግጥ። አዲስ ረድፍ ከፈተና ጻፈ፦ «የፈቃድ ጾም (ኦክቶፐስ)»።

መፍትሔም ፈልጎልኛል። ሴኡል ቾግዬሳ ቤተ መቅደስ አካባቢ የመነኮሳት ምግብ እናገኛለን ብሎ ወሰደኝ። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ። እውነትም በዚያች ማዕድ ላይ በሙሉ ልብ የበላሁት ምግብ ነበር፤ የተጠበሰው እንጉዳይና ዱቡው፣ የአኩሪ አተር አይባቸው፣ ግሩም ነው። ግን አንድ ነገር ጎደለኝና ምን እንደሆነ ስጠይቅ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም ለመነኮሳቱ ክልክል ነው አሉኝ፤ ስሜትን ይቀሰቅሳል ብለው ነው። ያኔ ጾማችንን ወደድኩት። ሽሮ ያለ ሽንኩርት ያስቡት! የእኛ አባቶች ሁሉን ሲከለክሉን ሽንኩርቱን ትተውልናል።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው፣ በእነሱ ሜይ 5። ላቦራቶሪው በሙሉ ቀን ይቆጥር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ አንዲት ልጅ ብቻ ግራ ገብቷት «ኢየሱስ እኮ ከተነሣ አምስት ሳምንት ሆነው» አለችኝ፤ የእነሱ ፋሲካ ማርች 31 አልፎ ነበር። ወሬው እኛ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል አልኳት። ሰኞ የበዓል ምትክ ዕረፍት ስለነበር ማክሰኞ ማታ ፕሮፌሰራችን ራሳቸው ግብዣ ጠሩ። «55 ቀን ጠብቀንሃል» አሉ በሩ ላይ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው።

ገባን። ጠረጴዛው መሐል ያለው ብረት ግሏል። በላዩ ላይ የተደረደረው ሥጋ ነጭና ቀይ መስመር መስመር አለው፣ እንደ ጥለት። ሳምግዮፕሳል። የአሳማ ሆድ። ፕሮፌሰሩ አንድ የሰላጣ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ዘረጉ፣ አንድ ቁራጭ አኖሩበት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ስጎ፣ ጠቀለሉት፣ እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉና «አ—» አሉ። ጉርሻ ነው እንግዲህ። ከጉርሻ ጋር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ የዘረጋ እጅ እንደማይመለስ አውቃለሁ። አሥር ሰው አፌን ያያል፣ ስልክ ደቅኖ የሚቀርጽም አለ።

«አሳማ...» አልኩ። «አሳማ አንበላም።»

ስቡ ብቻ ነው የሚንጫጫው። ሰንቤ አንድም ቃል ሳይናገር ስልኩን አወጣ፣ ሰንጠረዡን ከፈተ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኦሪት።»

«እስከ መቼ?»

«አያበቃም።»

«የማብቂያ ቀኑ ባዶ ከሆነ ፎርሙላው አይሠራልኝም» አለ በጭንቀት። ትንሽ አሰበና ዲሴምበር 31 ቀን 9999 ብሎ ሞላው፤ ኤክሴል ከዚያ ወዲያ ቀን አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ስልኩን አጮልቀው አዩ፣ ቀኑን አነበቡ፣ ጥቅልሉን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱና ረጋ ብለው አላመጡት።

የቤቱ ኢሞ ከሩቅ ሆነው አይተውን ኖሮ ገብተው የሚፋጅ የሸክላ ድስት ከፊቴ አኖሩ። «ሰርቪስ!» አሉ፤ በነጻ ማለታቸው ነው። ክዳኑን ሳነሳው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ እንደ ዳቦ ኩፍ ያለ፣ ቢጫ፣ በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል። ሰንቤ ሰንጠረዡን ወደ ላይ ወደ ታች አሸሸው፣ ማክሰኞን በጣቱ ነካ፣ «አረንጓዴ ነው» አለኝ።