የቾኬኪራው ዘብ መንገዱ ነው

የፔሩ የባህል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ዝነኛዋ የጥንት ኢንካዎች ከተማ ማቹ ፒቹ በቀን የምትቀበለውን ጎብኚ ወደ 4,500 ከፍ ሲያደርግ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ወሬ መገመት ከባድ አልነበረም። ይኸው ሰሞኑን በአንድ የቱሪዝም ውይይት ላይ አንድ የጉዞ አዘጋጅ ተነሥተው፣ ማቹ ፒቹን ከመጨናነቅ የሚያድናት ከአሥር ዓመት በላይ ሲንከባለል የቆየው፣ ወደ ሌላዋ የኢንካ ፍርስራሽ ከተማ ወደ ቾኬኪራው ይሠራል የተባለው ኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያመላልስ ሳጥን) ብቻ መሆኑን አበሠሩን። አራትና አምስት ቀን በእግር ተጉዞ የኢንካ ፍርስራሽ ማየት የጉልበተኞች ቅንጦት ነው፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችም ተበድለዋል ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም።

ከዚሁ ከመጨረሻው ክስ ልጀምር፤ ሲሰሙት ርኅራኄ ይመስላልና። ቾኬኪራው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራራ ትከሻና በገደል አፋፍ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከዋናው አደባባይ ውጭ ያለው ሁሉ ደረጃና እርከን ነው፤ በነጭ ድንጋይ የላማ ምስል የተሠራባቸውን ዝነኛ እርከኖች ለማየት የሚሻ ሰው ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ሽቅብ መመለስ አለበት። ኬብል ካሩ እንግዲህ አረጋዊውን ገደሉን አሻግሮ ከደረጃው ራስጌ ያወርደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የራሱ ጉዳይ ነው። ለአካል ጉዳተኛ ከልቡ ያሰበ ሰው በኩስኮ ከተማ መካከል ካለው የኢንካ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ከቆሪካንቻ ይጀምር ነበር፤ እዚያ ለመድረስ ገመድ መዘርጋት አያስፈልግም።

ማቹ ፒቹ ይቀልላታል የሚባለውም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ቾኬኪራው ደርሶ ማቹ ፒቹን ሳያይ አገሩ የሚመለስ ጎብኚ ስንት ነው? አንዳንዶቹ እንዲያውም ከቾኬኪራው ተነሥተው ተራራ ለተራራ እየተጓዙ እዚያው ይደርሳሉ። በአንድ እጅ የማቹ ፒቹን በር ወለል አድርጎ እየከፈቱ፣ በሌላው እጅ ስለ መጨናነቅ ማልቀስ ደግሞ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው።

ዋናው ነገሬ ግን መንገዱ ነው። ጉዞው ከሚጀመርባት ከካቾራ የተነሣ መንገደኛ ወደ አፑሪማክ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ በማዶው ጠመዝማዛ ሽቅብ ይወጣል፤ ከጎሐ ጽዮን በእግሩ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ጉልበቱ ምን እንደሚለው ያውቃል። በዚህ መንገድ ላይ አጋሰሱን የሚነዳው ባለበቅሎ፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በሳንታ ሮሳና በማራምፓታ ለድንኳን ቦታ የሚያከራዩትና እራት የሚሸጡት ቤተሰቦች ይኖራሉ። መንገደኛው ያደረበት ሌሊት ሁሉ ለእነዚህ ሰዎች ገቢ ነው። ደጋፊዎቹ ጉዞው ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል እያሉ ሲፎክሩ፣ በእነዚያ ሰዎች ራስ ላይ የሚያልፈው ሳጥን ለማራምፓታ ጥላውን ብቻ ጥሎላት እንደሚሄድ አይነግሩንም። ዘብ ቀጥረው፣ አጥር አጥረው የማያገኙትን ጥበቃም ይኸው መንገድ ለቾኬኪራው በነፃ ሰጥቷታል። የከተማይቱ አብዛኛው ክፍል ገና ጫካ እንደ ዋጠው ነው፤ አርኪዮሎጂስቶቹ ያልደረሱበትን ግንብ ሺዎች ቀድመው እንዲረግጡት ማን ፈቀደ?

የጎብኚውን ቁጥር በሕግ እንወስናለን ይሉናል። በእግር መንገድ ላይ ሕግ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው የኢንካ መንገድ አስጎብኚና ተሸካሚ ተቆጥሮ በቀን ከ500 ሰው በላይ አይገባም፣ ያለ አስጎብኚ መጓዝ ክልክል ነው፣ የካቲት ወር ላይም መንገዱ ለጥገና ይዘጋል። ኬብል ካር ግን የተበደረውን የሚከፍለው በሰው ብዛት ነው። በሰው ብዛት ለሚኖር ማሽን የሰው ቁጥር ይገደብለታል ብሎ የሚጠብቅ፣ ጅብን ለቆዳ ጠባቂነት ይቅጠር። ወር ሳይሞላው ኪሳራው ይነገራል፣ ገደቡም ይነሣል።

ለምሳሌ የምትሆን፣ በሰሜን ፔሩ ያለች ጥንታዊት ባለግንብ ከተማ ኩዌላፕም አለች፤ የኢንካ ሳትሆን የቻቻፖያ ሕዝብ ሥራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የ20 ደቂቃ ኬብል ካር ተመረቀላት፤ በ2022 ከታላቁ ግንቧ ከፊሉ ተናደና ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋች። ግንቡን የናደው የዝናብ ውሃ ነው ይሉኛል። ይሁን፤ ለገመዱ የተገኘው ገንዘብና ጥድፊያ ለግንቡ ውሃ መውረጃ ምነው ሳይገኝ ቀረ?

አንድ ነገር አልክድም፤ ከአፑሪማክ ማዶ የሚኖሩት ገበሬዎች በሽተኛ በበቅሎ ጭነው ያንን ገደል መውረዳቸው ነውር ነው። ሆኖም ድልድዩን ጎርፍ በወሰደበት ጊዜ መንገደኛውም አገሬውም ለዓመታት በገመድ በሚጎተት ቅርጫት ተንጠልጥሎ ሲሻገር፣ ስለ ኬብል ካሩ የሚነገረው አልተቋረጠም ነበር። የጉዞ አዘጋጁ በሚቀጥለው ውይይት ለማራምፓታ ክሊኒክ ይሠራ ብለው ይነሡ፤ ያን ጊዜ ከአዳራሹ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።