ማስተካከያ፦ ዩሪክ አሲድና የልብ ምት መዛባት

ባለፈው ጽሑፌ «ዩሪክ አሲድ (ደም ውስጥ ያለ፣ በዋናነት በኩላሊት የሚወገድ ቆሻሻ) ሲበዛ የልብ ምት ይዛባል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የምት መዛባት በብዛት ይታያል። መንስኤው ዩሪክ አሲዱ ራሱ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ደም ግፊት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የኩላሊት ችግር ከሁለቱም ጋር አብረው ስለሚገኙ ነገሩን መለየት ከባድ ነው።

የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ዩሪክ አሲዳችሁ ከፍ ብሎ 7.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ስላያችሁ ልባችሁ ታሟል ማለት አይደለም። በእኔ ጽሑፍ ምክንያት ለልቡ ብሎ ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰውን አሎፑሪኖል የተባለ መድኃኒት ሊጀምር ያሰበ ካለ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። የልብ ምት መዛባትን የሚያሳየው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ነው። ሁለት ጣት የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ምቱን ዳስሱ፤ ምቱ አንዴ ዘሎ አንዴ ተደራርቦ ከመጣ ሄዳችሁ ኢሲጂ ተነሱ።