እጃችሁ ይባረክ

ባለፈው ሳምንት የድሮ ሳንቲሞቼን ይዤ ለባዛር ጎንደር ወጥቼ ነበር። የተመለስኩት ተሸንፌ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላሸነፉኝ ሰዎች ምስጋና ላቅርብ። የድሮ ነገር ሲያዩ እጃቸውን ለሚበላቸው፣ ላጽዳው ብለው ሎሚና አመድ ለሚያነሱ ወልዋዮቻችን።

መንገዱን ባጭሩ ልንገራችሁ። 60 ጠገራ ብር ይዣለሁ። አንዱ 28 ግራም ነው፤ ሲደመር 1 ኪሎ ከ700 ግራም ገደማ ይሆናል። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ሁለት ሦስቱን አገላበጠ። "ሁሉም 1780 ነው የሚለው። ፎርጅድ ነው እንዴ?" እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ እቴጌ፣ ማሪያ ቴሬዛ፣ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ቪየናም ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ሲያትሙት ያቺኑ ዓመት አልነኳትም አልኩት። አያቶቻችን የዘውዷን ዕንቁና የትከሻዋን ጌጥ በጣታቸው ዳስሰው ነበር የሚቀበሉት፤ መልኩ የተቀየረ ጠገራ አይዋጥላቸውም። ፈታሹ በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የእቴጌይቱን ጉንጭ ፈተግ ፈተግ አደረገ።

"ብትታጠብ እኮ ታምራለች።"

ያኔ መመለስ ነበረብኝ።

ባዛሩ ላይ የመጀመሪያው ቀን በ"እኛ ቤትማ በጆንያ ነበር" አለፈ። እሱን ሌላ ጊዜ እናመሰግናለን። በሁለተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ መጣ። ከኮቱ ኪስ መሀረብ አወጣ። በመሀረቡ ውስጥ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ጥጥ። ከጥጡ መሀል አንድ ነገር ቦግ አለ። አዲስ የበር እጀታ መስሎኝ ነበር። ለካ የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ነው፣ ፓሪስ ታትሞ የመጣው!

"ወንድምዓለም፣ እንዴት እንዳጸዳኋት ልንገርህ" አለኝ። አልጠየቅኩትም፤ ነገረኝ። መጀመሪያ በሎሚና በጨው አሳደራት። ጥቁሩ አልለቅ አለ። አመድ ጨመረ። አሁንም እምቢ። በጥርስ ሳሙና ቦረሻት (ሲስቅ አይቼዋለሁ፣ ለራሱ ጥርስ ይህን ያህል አይተጋም)። ከዚያ የድስት መፈተጊያ ሽቦ መጣ። ከዚያ ጎረቤቱ ያለ መካኒክ የመኪና መወልወያ ሰጠው። እሱም አልበቃው። በመጨረሻ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስዶ በሞተር አስፈተጋት። ሰባት ቀን ሙሉ! ሚስቱ "በቃ እሷን አግባት" ብላዋለች።

እውነት ለመናገር ሥራው ድንቅ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጢም ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ዘውዳቸው ለስልሶ የሌሊት ቆብ መስሏል። ባለ ጎፈሩ አንበሳ ድመት ሆኗል፣ ያውም የታመመች ድመት። በጠርዟ ዙሪያ "ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር" የሚል ጽሑፍ ነበር። አሁን "ኢትዮጵያ" የምትለዋ በጭላንጭል ትታያለች። እጆቿ ተፍቀዋል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም! ብሩ ከመቶ ዓመት በላይ ከአየር ጋር ኖሮ ያወጣው ቆዳው ነው። በሽቦ ስትፈትገው የሚሄደው ጥቁሩ ብቻ አይደለም። ብሩ ራሱ ነው የሚሄደው፣ ፊደሉ ነው የሚሄደው። አንዴ ከሄደ ማንም አይመልሰውም። ሰው የአያቱን ፊት በድስት ሽቦ ይፈትጋል?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ለነገሩ ወልዋዮቻችን ቀዳሚ አላቸው። ጣልያን አገር ይዞ በነበረበት ጊዜ ፋሲል ግቢን ላድስ ብሎ ሲሚንቶ ለቀለቀበት። በኋላ ያንን ፈንቅሎ በኖራ መተካት ሌላ ሥራ ሆነ። የእኛዎቹም ቢሆኑ አይታሙም። በጃንሆይ ዘመን ክቡን 25 ሳንቲም ብር እየቀቡ 50 ነው ብለው ሲያሳልፉት፣ መንግሥት ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አድርጎ እንዲያሠራው አስገድደውታል። ሙያው ሥር አለው ማለት ነው።

"ስንት ትሰጠኛለህ?" አለኝ ጎልማሳው።

"በሚዛን፣ የብሩን ዋጋ።"

ተቀይሞኝ ሄደ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሌላ የምኒልክ ብር ይዟል። ጥቁር ናት፣ ያልተነካች፣ የአንበሳው ጎፈር ጸጉር በጸጉር የሚቆጠር። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለትናንቷ ካልኩት አምስት እጥፍ ጠራሁለት። ሳቀብኝ።

"ይቺንስ ልሸጥልህ አልመጣሁም። የትናንቷን እዚሁ ባዛሩ ላይ አጠገብህ የሚሸጠው ሰው አንተ ካልከው በላይ ገዛኝ። ይቺንም እንደዚያችው አሳምረህ አምጣት ብሎኛል። ወርቅ ሠሪው ግን ዛሬ ዘግቷል" አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሞተር ያለው ሌላ ሰው ታውቅ ይሆን?"