የኒረስት ግሪን ቦታ መቅድሙ ውስጥ አይደለም

ጃክ ዳንኤል ዊስኪ የሚወጣው በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ሊንችበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኩባንያው የተመሠረትኩት በ1866 ነው ይላል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። 150ኛ ዓመቱ በ2016 ሲከበር፣ ማስታወቂያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ዘለውት የኖሩ አንድ ስም በኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባ አደባባይ ወጣ፤ ኒረስት ግሪን። ጃክ በሚል ስም የሚታወቀው መሥራቹ ጃስፐር ኒውተን ዳንኤል ገና ልጅ ሳለ ዊስኪ ማውጣትን የተማረው በባርነት ተይዞ ከነበረው ከዚህ ጥቁር ባለሙያ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ግሪንን የመጀመሪያው ዋና ዊስኪ አውጪዬ ሲል በይፋ ተቀበለው።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን የታሪኩ አነጋገር ቅር ያሰኛል። ግሪን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቅ ይላል፣ ልጁን ያስተምራል፣ ከዚያ ይሰናበታል። የቀረው ሁሉ የጃክ ነው። አስተማረ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ምን እንዳስተማረ በዝርዝር ሲታይ ግን ሰውየውን በአንድ አንቀጽ መሸኘት ፍርደ ገምድልነት መሆኑ ይገባል። ስሙ መነሳት ያለበት ሙያው በሚብራራበት ቦታ ሁሉ ነው።

የፋብሪካው የእህል ድርሻ ዛሬ 80 በመቶ በቆሎ፣ 12 በመቶ የገብስ ብቅል፣ 8 በመቶ ደግሞ ራይ የሚባል የስንዴ ዘመድ ነው። በቆሎው ተፈጭቶ በፈላ ውኃ ይበስላል፤ ስታርቹ በዝቅተኛ ሙቀት አይፈታምና። ብቅሉ ግን በዚያ ሙቀት መግባት የለበትም። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት የብቅሉ ኢንዛይሞች ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ብዙ ስለማይቆዩ፣ ድፍድፉ ወደ 64 ዲግሪ ገደማ እስኪወርድ ይጠበቃል። የቸኮለ ሰው ብቅሉን በትኩሱ ከጨመረው እርሾው የሚበላው ስኳር ያጣል፤ እህሉም ድካሙም ከንቱ ይቀራል። እሳት ከሥሩ በሚነድበት ጋን ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ድፍድፉ ሳይማሰል ከቆየ ታች ይይዝና ያርራል፤ የእርሩ ጣዕም እስከ ጠርሙስ ድረስ ይከተላል።

ቀጥሎ አተላው ይመጣል። ከቀደመው ዙር አልኮሉ ከወጣለት በኋላ የተረፈው ጎምዛዛ አተላ በአዲሱ ድፍድፍ ላይ ይጨመራል። አሲዱ ያልተፈለጉ ባክቴሪያዎችን ይገታል፣ ለእርሾው የሚስማማ አካባቢም ይፈጥራል። ሲያንስ ድፍድፉ ለብልሽት ይጋለጣል፤ ሲበዛ እርሾው ራሱ ይዳከማል። እርሾው የሚገባው ድፍድፉ ወደ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሲበርድ ነው። ከቀናት በኋላ የአልኮል መጠኑ አሥር በመቶ አካባቢ ሲደርስ ለማውጣት ይደርሳል።

ማውጣቱ ራሱ የፍርድ ሥራ ነው። ቀድሞ የሚመጣው አሴታልዴሃይድ በሚባለውና በመሰሎቹ ቶሎ የሚተኑ ውህዶች የተሞላ፣ አፍንጫ የሚወጋ ነው፤ ወደ መጨረሻ የሚወርደው ደግሞ አልኮሉ የሳሳ፣ ቅባት ቅባት የሚልና እርጥብ ሽታ ያለው ነው። የሚፈለገው መካከለኛው ነው። ዳግም አረቄ ሲወጣ አጠገቡ የቆመ አንባቢ ፊተኛው ጠብታ ከኋለኛው ምን ያህል እንደሚለይ አይጠፋውም። የት ጀምሮ መቀበል፣ የት ላይ ማቆም እንደሚገባ የሚወስነው የአውጪው ምላስና አፍንጫ ነው። ማውጫው ከመዳብ የሚሠራውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መዳብ የድኝ ሽታ ያላቸውን ውህዶች ይይዛል። ዛሬ ሊንችበርግ ላይ ሥራው በረጃጅም የመዳብ ዓምዶች ይከናወናል፤ የሚወጣውም 70 በመቶ አልኮል ነው።

የቴነሲን ዊስኪ ቦርቦን ከሚባለው የኬንታኪ ዊስኪ የሚለየው ከሰሉ ነው። አሠራሩ የሊንከን ካውንቲ ይባላል፤ ሊንችበርግ እስከ 1871 ድረስ በሊንከን ካውንቲ (ወረዳ) ሥር ነበረች፣ ሙር ካውንቲ የተቋቋመው ያን ዓመት ነው። የስኳር ሜፕል እንጨት በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ አየር በሚያሳልፍ መልኩ በንብርብር ይከመራል፣ በራሱ ባልተበረዘ ዊስኪ ይርከፈከፍና ይለኮሳል። የሚያቃጥለው ሰው የውኃ ቱቦ ይዞ ክምሩን ሲጠብቅ ይቆያል። እሳቱ ከበረታ እንጨቱ ዐመድ ይሆናል፤ ቀድሞ ከጠፋ ያልነደደው ክፍል ጭስና ሬንጅ ይዞ ይቀርና ዊስኪውን ያበላሻል። በትክክል የከሰለው ይደቅቅና 3 ሜትር ጥልቀት ባለው በርሜል ይጠቀጠቃል። ዊስኪው በጠብታ እየወረደ ለማለፍ ቀናት ይፈጅበታል። ከሰሉ የበቆሎውን የቅባት ጣዕም ያነሳል፣ ሻካራውን ያለዝባል። እያደር ግን ኃይሉ ያልቃል፤ መቼ እንዳለቀ የሚታወቀው በመቅመስ ነው። ቶሎ መለወጥ ኪሳራ፣ ዘግይቶ መለወጥ ጥራት ማጣት ነው።

አንዳንዶች ይህን በከሰል የማጥለል ጥበብ ግሪን ፈለሰፈው ይላሉ። እንዲህ ማለት አያስፈልግም፤ ቴነሲ ውስጥ ከእርሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። ያልሠራውን ማሸከም የሠራውን ለማስተባበል በር ይከፍታል። በሰባኪውና ባለ ሱቁ ዳን ኮል እርሻ ላይ፣ ከያዙት ሰዎች በኪራይ ተወስዶ ይሠራ የነበረው ግሪን ከላይ የተዘረዘረውን ፍርድ ሁሉ በእጁ የያዘ ሰው ነበር። ልጁ የወረሰው ይህን ፍርድ ነው።

ስሙ ለምን ተረሳ ለሚለው የተለመደው መልስ ማስረጃ አልነበረም የሚል ነው። ይህ እውነት አይደለም። በ1967 የታተመ የጃክ ዳንኤል የሕይወት ታሪክ ግሪንንና ልጆቹን በስም ያነሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ በተነሳ ፎቶ ጃክ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ ይታያል፤ ከጎኑ ያለው ጥቁር ሰው የግሪን ልጅ ጆርጅ እንደሆነ ይታመናል። የዘር መለያየት ሕግ በሰፈነበት ደቡብ እንዲህ ጎን ለጎን መቀመጥ ተራ ነገር አልነበረም። ከ1865 ነፃነት በኋላ ግሪን ለጃክ በዋና አውጪነት ሠርቷል፤ ዘሮቹም ለትውልዶች በዚያው ፋብሪካ ቀጠሉ። ስለዚህ መረጃው በከተማው ውስጥ ነበር።

የጎደለው የመናገር ፍላጎት ነው። ጃክ በ1911 ሞተ፤ ንግዱ ለእህቱ ልጅ ለለም ሞትሎ አልፎ ነበር። ቴነሲ መጠጥ ማምረትን ከ1910 ጀምሮ ከለከለች፣ የፌዴራሉ እገዳ ከ1920 እስከ 1933 ተከተለ፣ ሊንችበርግ እንደገና ማውጣት የጀመረችው በ1938 ነው። በ1956 የኬንታኪው ኩባንያ ብራውን ፎርማን ፋብሪካውን ገዛ፤ ከዚያ በኋላ የገነነው የማስታወቂያ ታሪክ አንድ ጀግና ብቻ ነበረው። ነጮችና ጥቁሮች በሲቪል መብት ትግል በተፋጠጡበት ዘመን ግሪንን ወደ ፊት ማምጣት ገበያ ያስቀይማል ተብሎ መታሰቡ አያስገርምም፤ ይቅር የሚባል ግን አይደለም።

አሁን ሌላ ስጋት መጥቷል። ፎውን ዊቨር የተባሉት ደራሲና ነጋዴ ሰፊ ምርምር ካደረጉ በኋላ በ2017 አንክል ኒረስት የሚል ዊስኪ ለገበያ አቀረቡ፤ የግሪን ዘር የሆኑት ቪክቶሪያ ኢዲ በትለርም የቅመራው ኃላፊ ሆኑ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በ2025 አበዳሪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብድር አልተከፈለኝም ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም ኩባንያውን የሚያስተዳድር ተቆጣጣሪ ሾመ። ክርክሩ በማንም ይፈረድ፣ የአንድ ታላቅ ባለሙያ መታወስ በአንድ ድርጅት የሂሳብ ደብተር ላይ መንጠልጠል የለበትም። የንግድ ምልክት ይሸጣል፣ ይዘጋል፤ ለታሪክ ግን ሌላ ባለአደራ ያሻዋል።

ባለአደራዎቹ ፋብሪካዎቹ ራሳቸውና የግዛቱ ቤተ መዛግብት ናቸው። ብራውን ፎርማን የዋና አውጪዎቹን ዝርዝር ከግሪን ጀምሮ መቁጠሩ ተገቢ ነው፤ ጎብኚ ከከሰሉ በርሜል ፊት ሲቆም፣ ስለ አተላውና ስለ ብቅሉ ሲነገረውም ያው ስም መነሳት አለበት። በቨርጂኒያ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን እርሻ፣ ማውንት ቨርነን፣ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን የሚጠጋ ዊስኪ ያወጣው ማውጫ የሚሠራው በባርነት በተያዙ ስድስት ሰዎች ነበር፤ ሃንሰን፣ ፒተር፣ ናት፣ ዳንኤል፣ ጄምስና ቲሞቲ። ስማቸው የታወቀው የእርሻው መዝገብ ስለተጠበቀና ስለተነበበ ነው። በቴነሲና በኬንታኪም ከ1865 በፊት የተጻፉ የኪራይ ውሎች፣ የውርስ ዝርዝሮችና የግብር ደብተሮች በየካውንቲው አሉ። ዕድሜያችን ይህን ያህል ነው ብለው በጠርሙሳቸው ላይ ዓመት የሚያትሙ ኩባንያዎች በዚያ ዓመት ጋኑ አጠገብ የቆመው ማን እንደነበር ከእነዚህ ወረቀቶች ፈልገው የማሳተም ግዴታ አለባቸው።