ውዳሴ ዘአይ-ፋይቭ

ከሜክሲኮ ድንበር ተነስቶ ካናዳ ድንበር ላይ የሚያበቃ አውራ ጎዳና አለ። አይ-ፋይቭ ይባላል፤ ርዝመቱ ከ2,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሳን ዲዬጎን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ሳክራሜንቶን፣ ፖርትላንድንና ሲያትልን አያይዞ ያልፋል። መሐንዲሶቹ ለመኪና ነው የሠሩት፤ ነዋሪው ግን ከዚያ የላቀ ጥቅም አገኘለት፤ ንቀት ይጭንበታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው ጭነት «እናንተ ጋ ሰዉ ሁሉ ፕላስቲክ ነው» የሚል ሲሆን፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወጣው ደግሞ «እናንተ ጋ ፀሐይ ስለሌለ ሰዉም ሻግቷል» ይላል። በዚህ መንገድ ላይ መጨናነቅ የማያግደው ጭነት ይህ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ምስጋና ነው። የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ነዋሪ ጎረቤት ከተማን የማማት ባህሉን ሳይታክት ጠብቆ አቆይቷልና ሊመሰገን ይገባዋል። ሌላው ዓለም ጎረቤቱን ለመጥላት የድንበር ጦርነት፣ የሃይማኖት ልዩነት፣ ሲያንስ ሲያንስ የተሰረቀ በግ ያስፈልገዋል። እዚህ ግን አንድ ዓይነት ስልክ የያዙ፣ ከተማቸውን ዓመት ከዓመት ለአንድ ፓርቲ የሚያስረክቡ፣ ቡናቸው ላይ ያንኑ የአጃ ወተት የሚጨምሩ ሰዎች ያለ አንዳች ምክንያት ይናናቃሉ። ያለ ምክንያት መናናቅ ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ።

በዚህ ሙያ ዘውዱን የምደፋው ለኦሬገን ነው። በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) የግዛቲቱ አገረ ገዥ ቶም ማኮል በቴሌቪዥን ቀርበው ደጋግማችሁ ጎብኙን፣ ለመኖር ግን በፈጣሪ እንዳትመጡ የሚል መልእክት ለአሜሪካ ሕዝብ አስተላለፉ። ሕዝቡም ተቀብሎ «ኦሬገንን ካሊፎርኒያ አታድርጉብን» የሚል ጽሑፍ መኪናው ላይ መለጠፍ ያዘ። ገዥው ራሳቸው የተወለዱት በዚያኛው ጠረፍ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ መሆኑን የሚያነሳ ምቀኛ አይጠፋም። እኔ እዚህ ላይ ምንም ስህተት አይታየኝም። ቤት ሲሞላ በሩን የሚዘጋው መጨረሻ የገባው ሰው ነው፤ ሥርዓቱም ይኸው ነው።

የኦሬገኗ ትልቅ ከተማ የፖርትላንድ ነዋሪ ደግሞ የማንንም እጅ የማያይ ሰው ነው። እንጉዳዩን ጫካ ገብቶ ራሱ ይለቅማል፣ ዶሮውን በጓሮው ራሱ ያረባል፣ ብስክሌቱን ፈታቶ ራሱ ይገጥማል፣ ቢራውንም ምድር ቤቱ ውስጥ ራሱ ይጠምቃል። ቤንዚን ብቻ ነበር ራሱ መቅዳት የማይችለው። በ1951 የወጣ ሕግ ከልክሎት፣ ከጥቂት የገጠር አካባቢዎች በቀር እስከ 2023 ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቀጂ ሲጠብቅ ኖረ። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ሎስ አንጀለስ ደርሶ ሲመለስ «ሰዉ ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይውላል» ብሎ የሚያዝነው። ከተማዋ ማንንም እንደማትመስል የሚያውጀው ዝነኛ መፈክሯ፣ «ኪፕ ፖርትላንድ ዊርድ»፣ ቴክሳስ ውስጥ ካለችው ከኦስቲን የተቀዳ ነው። ልዩ መሆንን ከሰው መቅዳት ራሱ ልዩ ያደርጋል።

ከፖርትላንድ ፊት ለፊት፣ ከኮሎምቢያ ወንዝ ማዶ፣ በዋሽንግተን ግዛት በኩል፣ ቫንኩቨር የምትባል ከተማ አለች (የካናዳዋ ሌላ ናት፣ እሷም ተራዋ ይደርሳል)። ዋሽንግተን ከደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አትቆርጥም፤ ኦሬገን ደግሞ ዕቃ ሲገዛ የሽያጭ ታክስ አትጠይቅም። ስለዚህ ብልኅ ሰው ቫንኩቨር ይኖራል፣ እዚያው ይሠራል፣ ደመወዙን ሳይሸራረፍ ይዞ ድልድዩን ይሻገርና ፖርትላንድ ውስጥ ፍሪጅና ሶፋ ገዝቶ ይመለሳል። ከማዶ ያመጣኸውን ዕቃ የዋሽንግተንን ድርሻ ክፈልበት የሚል ሕግ አለ፤ ለሶፋው የከፈለ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሶፋውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ድልድዩ ላይ ተሰልፎ፣ የሚናገረው ነገር አንድ ነው። «ፖርትላንድ እኮ አለቀላት፤ ማን ይኖርባታል?» እውነቱን ነው። ይገበይባታል እንጂ ማን ይኖርባታል።

የሲያትል ጥበብ ረቀቅ ይላል፤ እሷ ሰው የምታባርረው ራሷን ሰድባ ነው። ኤመት ዋትሰን የተባለ የከተማዋ ስመ ጥር አምደኛ «ሌሰር ሲያትል» የሚል የቀልድ ማኅበር ፈጥሮ ነበር። ዓላማው ስለ ዝናቡ አጋንኖ እያወሩ መጤን ማስቀረት ነው። ሰውዬው በ2001 አረፈ፤ ቀልድ መሆኑም አብሮት ተቀበረና ዛሬ ከተማው በሙሉ አባል ነው። ሲያትል በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከኒው ዮርክ ያነሰ ነው ብትሏቸው ይቀየማሉ። ኒው ዮርክ ዶፉን ባንዴ ታወርድና ትገላገላለች፤ ሲያትል ግን ከመስከረም ማብቂያ ጀምራ እስከ ፋሲካ ታካፋለች። ነዋሪው ጃንጥላ አይዝም። ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ከካሊፎርኒያ መጥቷል ተብሎ ይጠረጠራል። የእኛ ሰው ሳይቀር ተምሮታል፤ በነሐሴ ጭቃ ጫማው እየቀረበት፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየተኛ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከሲያትል ጥግ ሬንተን ላይ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ «ይሄ ካፊያ ገደለኝ» ይላል።

ሲያትሎች «ሲያትል ፍሪዝ» የሚሉት ቅርስም አላቸው። «አንድ ቀን ቡና እንጠጣ» ብሎ ቀኑን አለመናገር ማለት ነው። አንዱ ሲያትላዊ ስለ ሎስ አንጀለስ ሰዎች አስመሳይነት ረዘም ያለ ማብራሪያ ከሰጠኝ በኋላ «እንገናኝ፣ እደውልልሃለሁ» ብሎ ተሰናበተኝ። ቁጥሬን አልተቀበለኝም። ቡናውንም ብትጠጡ ሥጦታው ማብራሪያው ነው፤ ጢሙን ያሳደገ ቀጂ ለጌዴኦ ተወላጅ ሴት ይርጋ ጨፌ እንዴት ሎሚ ሎሚ እንደሚል፣ የቡናውንም ስም እንዴት መጥራት እንዳለባት በትዕግሥት ሲያስተምር አይቻለሁ። እሷም አመስግናው፣ ጉርሻ ሰጥታው ወጣች።

ሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስን የምትንቀው ግን በመርህ ነው፤ ክሷም በሰነድ የተደገፈ ነው። አንደኛው ሰነድ ውኃ ነው። በኖቬምበር 1913 ሎስ አንጀለስ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከኦወንስ ሸለቆ ውኃ ጠልፋ አመጣች፤ ውሎ አድሮ የሸለቆው ሐይቅ ደረቀ። ይህን ያልሰማ የሳን ፍራንሲስኮ ሕፃን የለም። በቀጣዩ ወር፣ በዲሴምበር 1913፣ የአሜሪካ መንግሥት ለሳን ፍራንሲስኮ ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግድብ እንድትሠራ ፈቀደላት፤ ሔች ሔቺ የሚባለው ውብ ሸለቆም ከነሣሩ ከነዛፉ ሰጠመ። ዛሬ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ያንን ውኃ ከቧንቧ ቀድቶ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ «ንጹሕ የተራራ ውኃ» ብሎ አንድ ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ ስለ ሎስ አንጀለስ የውኃ ሌብነት ያስረዳችኋል። ሌላው ቢቀር ትን እንኳ አይለውም።

ሁለተኛው ሰነድ ቤዝቦል ነው። የጃያንትስና የዶጀርስ ጠብ የሁለቱ ከተሞች ደም የተቃባ ጠላትነት ተደርጎ ይወራል። ሁለቱም ቡድኖች ጓዛቸውን ጠቅልለው የመጡት ከኒው ዮርክ ሲሆን፣ ጠባቸውም አብሮ ተጭኖ በ1958 ነው የወረደው። ያገር ውስጥ ጥላቻ ሲጠፋ ከውጭ ማስመጣት የንግድ ሕግ ነው፤ ምን ነውር አለው?

የሳን ፍራንሲስኮ አንድ ቁስል ቢኖር ሎስ አንጀለስ ይህን ሁሉ ክስ አለመስማቷ ነው። ሎስ አንጀለስ የት ጊዜ አላት! አራት መቶ አምስት በሚባለው መንገዷ ላይ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሳ በ2014 አንድ መስመር ጨምራለች፤ ሕዝቡ ዛሬ በአንድ ተጨማሪ መስመር ላይ ቆሞ ይውላል። ስለ ሰሜኑ ስትጠይቋቸው «ሲያትል… ካናዳ ናት አይደል?» ይላሉ። ከስድብ ሁሉ የሚያቃጥለው ይኼኛው ነው።

ሰሜኑም በበኩሉ ካሊፎርኒያ አንድ ቀን በመሬት መንቀጥቀጥ ተገንጥላ ባሕር ትገባለች እያለ ይጽናናል። ከፖርትላንድና ከሲያትል ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ሥር፣ ካስካዲያ የሚባል የምድር ስንጥቅ ተኝቷል። በጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ሲነቃ ማዕበሉ ጃፓን ድረስ ተሻግሮ በዚያ አገር መዝገብ ሰፍሯል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ስለዚህች ጠረፍ ሳይሆን አይቀርም።

የእኛ ማኅበረሰብ በዚህ በኩል ያሳየውን ፈጣን መላመድ ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እንግሊዝኛው ገና ሳይፈታ የከተማው ትዕቢት ይፈታል። ባለፈው ሬንተን አንድ ሠርግ ላይ ከአንድ ጠረጴዛ አራት ከተማ ተቀምጦ ነበር። የሎስ አንጀለሷ እትዬ፣ ሲመሽም ያላወለቁት ጥቁር መነጽር እንዳለ ሆኖ፣ እንጀራውን ጫፉን ገለጥ አድርገው አዩና «ዓይን የለውም» አሉ። «ፀሐይ ያላየ ሊጥ ምን ዓይን ያወጣል?» ያቦካችው የሲያትሏ ሙያተኛ ከኋላቸው ቆማ ኖሯል። «እትዬ፣ እናንተ ጋማ ፀሐዩ ሊጡን አልፎ ሰዉንም አብስሎታል» አለቻቸው፣ በፈገግታ፣ ወጥ እየጨመረችላቸው። እትዬም አልተበገሩም፤ «ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ ሰፈሩ በስማችን የተሰየመው በ2002 ነው። እናንተስ ምን አላችሁ?» ሲሉ፣ «እኛ ሰው አለን፤ ሰሌዳ ምን ያደርግልናል» የሚል መልስ ከማዶ ተወረወረ። የሳን ፍራንሲስኮ ጎረቤት የኦክላንዱ ጋሼ ጣልቃ ገብተው የቤት ኪራያቸውን ተናገሩ። እሳቸው ኪራያቸውን የሚናገሩት ሌላው ማዕረጉን በሚናገርበት ድምፅ ነው፤ ጠረጴዛው ለአፍታ በአክብሮት ጸጥ አለ። ፖርትላንዱ ወንድማችን ክትፎውን ሲያጣጥም ቆይቶ በመጨረሻ «እኛ ጋ ታክስ የለም» አለ። ለሙሽሮቹ ትልቁን ቴሌቪዥን ከዚያው ጭኖ ያመጣው እሱ ስለነበር ማንም አልመለሰለትም። አራቱም የጉለሌ ልጆች ናቸው።

የካናዳዋ ቫንኩቨር እንዳትቀየም እሷንም ላንሳ። ከጠረፉ ሁሉ ጨዋዋ እኔ ነኝ ትላለች፤ አሜሪካኖቹን ሁሉ በአንድነት ስለምትታዘብ ሥራዋ ቀላል ነው። በጁን 2011 የሆኪ ቡድኗ በመጨረሻው ጨዋታ በቦስተን ሲሸነፍ ጨዋው ሕዝብ መኪና አቃጠለ፣ ሱቅ ሰበረ። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ መጥረጊያ ይዞ ወጣና ጠረገ፣ የተሰበረውን መስኮት በሸፈነው ጣውላ ላይም ይቅርታውን ጻፈ። አቃጥሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ ከተማ ካለ ይምጣ። ሳን ዲዬጎ ደግሞ ማንንም አታማም፤ በ1972 የሪፐብሊካኖች ጉባኤ ጥሏት ማያሚ ቢች ሲሄድባት ለራሷ «የአሜሪካ ምርጥ ከተማ» የሚል ማዕረግ ሰጥታ ጉዳዩን ዘግታዋለች።

አሁን አሁን ኪራይ ያስመረረው ሁሉ ወደ አይዳሆ፣ ወደ ቦይሲ ይጎርፋል። የአይዳሆ ሰው ደግሞ ዝርዝር አይወድም፤ ከምዕራብ የመጣውን ሁሉ በጅምላ ካሊፎርኒያዊ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ካሊፎርኒያን ሲያማ የኖረ አንድ ሲያትላዊ ቤት ገዝቶ እንደገባ ጎረቤቱ አጥር ላይ ተደግፎ «ከካሊፎርኒያ ነው አይደል የመጣኸው?» አለው። ሰውዬው ደሙ ፈልቶ የመኪናውን ሰሌዳ ሊያሳየው ጎትቶ ወሰደው። ለካ በሳምንቱ መጀመሪያ የአይዳሆ አስደርጎታል። አሁን በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ እሱ ሆኗል፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እነዚህን መጤዎች ምን እናድርጋቸው?»