ሁለት ቀን ለሁለት ሰው

«ለመሆኑ እዚያ ምን አላችሁ?» አለችኝ አክስቴ፣ ከአዲስ አበባ ደውላ። አምስተርዳም ሄደን እንደነበር ከሰው ሰምታለች። ለቅሶ የለ፣ ሠርግ የለ፣ የሥራ ጉዳይ የለ። እኔና ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድን አሳልፈን ተመለስን፣ በቃ። «በዚያ ብር እኮ ስንት ነገር ይሠራ ነበር» አለች። ቁጣ የለበትም፤ ከልቧ ነው። ኑሮዋን ስለማውቅ ያን ሰዓት መልስ አልሰጠኋትም። አሁን ግን ልመልስ፣ ምክንያቱም እኛም ራሳችን ለአሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ስንል ነው የኖርነው።

የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። በር ላይ ተራ እንደሚቀያየሩ ዘበኞች ነን። «ልጁ ቁርሱን በልቷል»፣ «ኪራዩን እንዳትረሺ»፣ «ወጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው»። ወሬያችን ይኸው ነው። የዓመት ፈቃዳችን፣ እዚህ ሁላችንም ኡርላውብ የምንለው፣ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ ለአገር ቤት ይውላል። ጫማና መድኃኒት የሞላ ሻንጣ ይዘን ቦሌ እንወርዳለን፣ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ስንዞር ቀኑ ያልቃል። በዚህ አልቆጭም፤ ይገባል። ግን ዕረፍት አይደለም፣ ለሁለታችን ብቻ የሚሆን ጊዜም አይደለም።

እኔ የምለው ይህ ነው። ባልና ሚስት በዓመት አንዴ እንኳ ሁለት ቀን ብቻቸውን ቢወጡ ቅንጦት አይደለም። እንደ ኪራይና እንደ መብራት ሁሉ በጀት ሊያዝለት ይገባል።

አምስተርዳምን የመረጥነው ቀጥታ ባቡር ስላለ ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ልጁን ለክርስትና እናቱ ሰጠነው። ከተማው እንግዳ በዝቶበት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በመኝታ ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ ግብር ያስከፍላል፤ ክፍሉም ውድ ነው። ስለዚህ ያደርነው ሐርለም ነው፣ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ። ባቡሩ፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ ለሁለታችን 400 ዩሮ ገደማ ወጣ። ሦስት ወር ሙሉ ትንሽ ትንሽ ስናስቀምጥ ነበር። ለአገር ቤት ከምንልከው አንድ ሳንቲም አልነካንም።

የመጋቢት መጨረሻ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ብርዱ ግን ገና ነው። ሰዉ ካፖርቱን እንደለበሰ ከየቤቱ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቷል። እኛ ጾም ላይ ነበርን፤ ያለ ማዮኔዝ ድንች ጥብስ በወረቀት ጠቅልለን እየበላን ነው የዞርነው። ቱሊፕ በብዛት የሚታይበት የኬከንሆፍ የአትክልት ስፍራ ሊሴ ድረስ መሄድ ይፈልጋል፣ ትኬቱም አስቀድሞ ነው የሚቆረጠው። ተውነው።

በውሃ ቦይ የተሞላ ከተማ ለባልና ሚስት የሚመቸው ስለሚያዘገይ ይመስለኛል። ትላልቆቹ ቦዮች ሔረንግራኽት፣ ካይዘርስግራኽትና ፕሪንሰንግራኽት ናቸው። የጌቶች፣ የንጉሠ ነገሥትና የልዑል ቦይ እንደማለት ነው። መቆፈር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1613 ሲሆን መሀል ከተማውን እንደ ሽንኩርት ልባስ አንዱ ከሌላው ውጪ ይከብቡታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። ወደምትፈልገው ቦታ ቀጥ ብለህ አትደርስም። ድልድይ ትፈልጋለህ፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ መቆምህ አይቀርም። ከ1200 በላይ ድልድይ አለ። ብስክሌት ብቻ ተጠንቀቅ! ቀዩ አስፋልት የእነሱ ነው፣ ለማንም አይቆሙም።

ቤቶቹ ጠባብና ረዣዥም ናቸው። የውስጥ ደረጃቸው ከመጥበቡና ከመቆሙ የተነሣ ሶፋ አያሳልፍም። ለዚህ ነው ከጣሪያው ሥር እንጨት ወደ ውጭ ወጥቶ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው። አንድ ቤት ፊት ለፊት ቆመን አየን። ሁለት ጎረምሶች መንገዱ ላይ ሆነው ገመድ ይስባሉ፣ አረንጓዴ ሶፋ አየር ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት ደግሞ መስኮቱን ከፍታ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሶፋው እስኪገባ ድረስ ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም። ባለቤቴ እጄን ይዞኝ ነበር። እንዲህ ከያዘኝ ስንት ጊዜው!

እሱን የገረመው ሌላ ነው። መኪኖቹ የሚቆሙት ውሃው አፋፍ ላይ ነው፣ በመሀል ያለችው ከጉልበት በታች የሆነች ብረት ብቻ ናት። ሹፌር ስለሆነ ዓይኑ ከዚያ አልነቀል አለ። ሥጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ የቦይ ዳርቻዎች የተሠሩት ለጋሪ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግሪምቡርግቫል የሚባለው ዳርቻ ተደርምሶ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከተማው ራሱ የቆመው ረግረግ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ነው። ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ብቻ ከሥሩ 13,659 ግንድ አለ ይባላል። እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስካለ አይበሰብስም። ውሃው ሲሸሽና አየር ሲያገኘው ነው የሚበላሸው።

እሁድ ጠዋት አንድ አበባ ሻጭ ጋ ቆምን። ባልዲ ውስጥ ቀይ ጽጌረዳ አለ። ባለቤቴ ካርቶኑን በጣቱ አሳየኝ፤ «ኢትዮጵያ» ይላል። የአገራችን አበባ ትልቁ ገበያ ሆላንድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከቦሌ በአውሮፕላን መጥቶ ብዙው አልስሜር በሚባለው ጨረታ ያልፋል። እዚያ ዋጋው የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ይወርዳል ይወርዳል፣ ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ገዛ። ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ካርቶኑን በዓይን እንደማየት አይደለም።

አንድ እቅፍ ገዛ። ከተጋባን ወዲህ አበባ ገዝቶልኝ አያውቅም። ብራወርስግራኽት ቦይ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዝም አለ፣ ከዚያ ስለ ታናሽ እህቱ ማውራት ጀመረ። ዝዋይ አበባ እርሻ ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ሥራዋ አበባውን በግንዱ ርዝመት እየለዩ ሃያ ሃያ አድርጎ ማሰር እንደነበር፣ ጣቷ በእሾህ ተወጋግቶ ማታ ማታ እንጀራ መቁረስ ያቅታት እንደነበር ግን አላውቅም ነበር። እሱ አዲስ አበባ ኮሌጅ ሲማር የቤት ኪራዩን የምትከፍለው በዚያ ደሞዝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ።

በየወሩ ለእሷ በምንልከው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተጣልተናል። «ለምንድነው ሁልጊዜ እሷ?» ብዬው አውቃለሁ። ያኔ አንድም ቃል አልመለሰልኝም።

«ለምን አልነገርከኝም ሆዴ?» አልኩት።

«መቼ?» አለኝ። «አንቺ ስትመጪ እኔ እሄዳለሁ።»

አክስቴ የጠየቀችኝን አሰብኩ። እዚያ የነበረን ይህ ነው። አምስተርዳም መሆን የለበትም። ማይንዝ ሄዶ ራይን ወንዝ ዳር መቀመጥም ይበቃል፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ቢሾፍቱ ወርዶ ሐይቅ ዳር ሊውል ይችላል። ገንዘቡ የሚያንሰው ሰው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። እሱም ቢሆን ስልኩን ዘግቶ ከሚስቱ ጋር ግማሽ ቀን መቀመጥ አያቅተውም። ትዳር በመልእክት ብቻ ሲኖር ምን ያህል ነገር ሳይነገር እንደሚቀር እኔ አሁን አይቻለሁ። የማዝነው አሥራ አንድ ዓመት መቆየታችን ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የሚነሣውን ጀልባ ተሳፈርን። አይ የሚባለውን ውሃ ያሻግራል፣ ክፍያ የለውም። ሦስት ጊዜ ሄደን ተመለስን፤ አበባውን ነፋስ እንዳይመታው ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጦት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ስገባ እሱ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነው። አበባው ጠረጴዛው ላይ በጀበናችን አጠገብ ቆሟል። «ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት» አለኝ።

«ምን አለች?»

«ግንዱን አይታ ‹ስልሳ ሳንቲሜትር ናት› አለች።»